ውሻችን የቀረበት መንገድ

ልጆቻችን በግማሽ ዓመት የትምህርት ዕረፍት ላይ ሳሉ ቤተሰባችንን ይዘን ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ በተሰናዳን ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያስቸገረን የመኪናው ወይም የስንቁ ጉዳይ አልነበረም። የመጨረሻው ልጃችን «መከታ ካልሄደ እኔም አልሄድም» ብሎ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። መከታ የቤታችን ውሻ ነው። ልጁ አብሮት ያደገ በመሆኑ፣ ያለ እርሱ የሚደረግ ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ መስሎ አልታየውም።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ልጅን «እንቢ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ምክንያቱን ማስረዳት የተሻለ ነውና፣ አጠገባችን አስቀምጠን ነገሩን ገለጽንለት። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ የሚባል አውሬ አለ። ይህም አውሬ ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሱት ሁሉ ቢቈጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ነው። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ ለተኩላና ለውሻ የቀረበ ስለ ሆነ፣ የውሻ በሽታ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በፓርኩ ውስጥ ባለው በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ በገባ ጊዜ፣ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል አለቁ።

ልጁም ጥቂት አስቦ «መከታ ተከትቧል እኮ» አለን። እኛም ክትባቱ ለአንዱ በሽታ ብቻ እንደ ሆነ፣ ውሻ ሳይታወቅበት ተሸክሞ ለቀበሮ የሚያስተላልፈው ሌላም በሽታ እንዳለ ነገርነው። እያለቀሰ ውሻውን ለጎረቤታችን አደራ ሰጥቶ መኪና ውስጥ ገባ።

ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ ስንወርድ የዝቋላ ተራራ በስተቀኛችን ታየ። ልጃችንም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አስታውሳ፣ አንበሶቹና ነብሮቹ ጻድቁን ከበው በሰላም የቆሙት ስለምን እንደ ሆነ ጠየቀችን። «ሳይጐዳቸው አብሯቸው ስለ ኖረ ነው» አልናት። ያንን መልስ በቀላሉ ተናገርነው፤ ሸክሙን ያወቅነው ግን ኋላ ነው።

ከሻሸመኔ በስተምሥራቅ ታጥፈን፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል አልፈን ዲንሾ ደረስን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ ሲሆን፣ ስፋቱ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዲንሾ በጽዱና በኮሶው ዛፍ ሥር የደጋ አጋዘኖች ሲግጡ አየን። ልጆቹም በ10 ሳንቲም ላይ ምስሉ የተቀረጸው አውሬ ነፍስ ዘርቶ ከፊታቸው በመቆሙ እጅግ ተደነቁ።

በማግስቱ ከጎባ ተነሥተን ወደ ሰነቴ አምባ ወጣን። ሰነቴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር የሚደርስ፣ ጅብራ የቆመበት፣ ነፋሱ አጥንት የሚሰብር ሜዳ ነው። ከዚያም ከፍ ብሎ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ጥቂት እንደ ተጓዝን ከመንገዱ ራቅ ብሎ አንድ ቀይ ቀበሮ በፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቅንቶ ቆሞ አየን። እኛም ከደስታችን ብዛት፣ ቀርበን ፎቶግራፍ ለማንሣት መሪውን ከመንገዱ ወደ ሜዳው ጠመዘዝነው።

በዚህ ጊዜ ትንሹ ልጃችን «አባባ፣ መከታ እንዳይጠጋው ብለን እቤት ትተነው መጥተን፣ እኛ ልንጠጋው ነውን?» አለ።

የምንመልሰው አልነበረንም። መኪናውን ወደ መንገዱ መልሰን ሞተሩን አጠፋን። ግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥ ብለን ተቀመጥን። በመጨረሻም ቀበሮው ዘሎ ፍልፈሉን ያዘና በአፉ እንደ ያዘው ከጉብታው ማዶ ተሰወረ። ፎቶግራፋችን ከርቀት የተነሣ ስለ ሆነ ቀበሮው ከአንድ ቀይ ነጥብ አይበልጥም። ነገር ግን ልጆቹ ያዩት አውሬው በገዛ ቤቱ የዕለት ሥራውን ሲሠራ ነው እንጂ ከሰው ሲሸሽ አይደለም። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ቢያድንም ከመንጋው ጋር እንደሚኖር፣ አንዲቱ እናት የወለደቻቸውንም ግልገሎች መንጋው ሁሉ ተባብሮ እየመገበ እንደሚያሳድግ በነገርናቸው ጊዜ ደስታቸው እጥፍ ሆነ።

ይህን ስንል በዚያ አገር ውሻ የሚያኖረውን ከብት አርቢ ለመንቀፍ አይደለም። እርሱ ውሻ የሚይዘው ከብቱን ከጅብ ለመጠበቅ ነው። የሚሻለው ውሻውን ማስከተብ ነውና፣ በዚያ አካባቢ ውሾችን የመከተብ ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለቀይ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ለሽርሽር የምንሄድ ሰዎች ግን ውሻ የምንወስድበት ምንም ምክንያት የለንም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ወደ አውሬ አገር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ወፍራም ልብስ አትርሱ፤ በዝግታ ንዱ፤ ከመንገዱ አትውጡ፤ የተረፈ እንጀራም ለአውሬ አትጣሉ። የሰው እጅ የለመደ አውሬ መኪናን መፍራት ይተዋልና። ፍቅር ሁልጊዜ መቅረብ ብቻ አይደለም፤ ርቆ መቆምም ከፍቅር የሚቈጠርበት ጊዜ አለ። እኛ ይህን ለልጃችን ያስተማርን መስሎን ነበር፤ ነገር ግን በሰነቴ ላይ ያስተማረን እርሱ ነው።

ወደ ቤታችን በተመለስን ጊዜ መከታ ከጎረቤት አጥር ዘሎ ተቀበለን። ልጁም አንገቱን አቅፎ፣ በጆሮው ስለ ቀይ ቀበሮው ሲያወራለት አመሸ።