የማያቻኩል ድምፅ

አባቴ 34 ዓመት አስተማሪ ነበሩ። ቃል ሲያጥራቸው አይቼ አላውቅም። ስትሮክ ከጣላቸው ወዲህ ግን ከዚያ ሁሉ የቃል ሀብት የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ሆነች፤ «እሺ»። ሲርባቸው «እሺ»፣ ሲያማቸው «እሺ»፣ ተቆጥተው ትራሱን ሲወረውሩም «እሺ»።

የያዛቸው አፌዥያ መሆኑን፣ የምንላቸውን ግን እንደሚረዱ የነገሩን በማገገሚያ ክፍሉ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። እኔም እንደ ልማዴ መጽሐፍ አገላበጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል፣ «ታን» ከማለት በቀር ይህ ነው የሚባል ቃል የማይወጣው አንድ ሕመምተኛ ሞተ። ፖል ብሮካ የተባለው ሐኪም አንጎሉን መርምሮ ከግራው ወገን በፊተኛው ክፍል ላይ ጉዳት አገኘ፤ ስፍራውም እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። ያ ሰው በሆስፒታሉ ከ20 ዓመት በላይ ኖሯል፤ የሚባለውንም ይረዳ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ማን ይሆን አጠገቡ ተቀምጦ ያወራው?

እኛ በዚህ አንታማም፤ ስልክ አለን። እሁድ እሁድ ከቡና በኋላ ከዋሽንግተንም ከደሴም ዘመድ ይደውላል፤ እኔም ካሜራውን ወደ አባቴ ፊት አዞራለሁ። «ጋሼ፣ አወቁኝ? ማን ነኝ? እስቲ ስሜን ይጥሩኝ!» ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈትኑ የኖሩ መምህር ተፈታኝ ሆኑ። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ «እሺ» ይላሉ፤ ከወዲያ ማዶ የለቅሶ ሳግ ይሰማል፤ ስልኩ ይዘጋል። አንድ እሁድ በደኅናው እጃቸው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔም ጋቢውን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። አዎን፣ አድርጌዋለሁ።

እንጀራዬ ባንክ ቤት ነው። ባለሒሳቡ ሳይፈቅድ ስንት ብር እንዳለው ለገዛ ልጁ እንኳ አንናገርም። የአባቴን የተጣመመ ፊት ግን ሳይፈቅዱልኝ ለ11 ዘመድ አሳይቻለሁ።

ውድ አንባብያን፣ የቪዲዮ ጥሪን ላወግዝ አልተነሣሁም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የጠያቂን እግር ከሆስፒታል በር ሲመልስ፣ ያለዚያች ትንሽ መስኮት የታመመ ዘመዳቸውን ማየት ያልቻሉ ቤተሰቦች ጥቂት አልነበሩም። ነገር ግን ጥሪው ከሁሉ በፊት የሚያሳርፈው ጠሪውን ነው፤ «አየኋቸው» ብሎ ይተኛል። ቃል ለከዳው ሰው ደግሞ መልስ በዚያችው ቅጽበት የሚጠየቅበት ሸንጎ ነው።

ይህን ያስተማረችኝ ቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ታናሽ እኅቴ ናት። ሥራዋ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት የአባቴ ክፍል መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ መደወሉን ትታ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ትልክ ጀመር። ሳህን እያጠበች ትናገራለች፤ ውኃው ሲወርድ ይሰማል። ምን እንደ ሠራች፣ የጎረቤቱ ድመት በምን እንደ ገባ፣ የአሠሪዋ እናት እንዴት እንደሚያንኮራፉ… አንድም ጥያቄ የለበትም። አባባ በግራ አውራ ጣታቸው መጫን ተማሩ። ሲደክማቸው ያቆሙታል፤ ሲሻቸው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የድመቷን ወሬ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ሲሰሙት ቆጥሬያለሁ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ወደ ውጭ አገር የሚላከው ደብዳቤ ካሴት ነበር። ቤተሰቡ በየተራ ይናገራል፤ ተቀባዩም በገዛ ጊዜው ይሰማል። አንድ ጊዜ አውራ ዶሮአችን ሳይቀር ሰላምታ ልኳል።

እንግዲህ አንድ የማገገሚያ ክፍል በሽተኛውን ከወዳጆቹ ላገናኝ ካለ፣ ትልቅ ስክሪን ግድግዳ ላይ ከመስቀሉ በፊት በየአልጋው ራስጌ ሶኬት ይኑረው። አባቴ በተኙበት ክፍል ለስድስት አልጋ ያለው አንድ ሶኬት ነው፤ ቻርጀር ይዞ ወረፋ መጠበቅ አለ። በአንድ እጅ ስልክ መጠቀም የሚያስተምር ሰው ይኑር። እኛ ጠያቂዎችም ካሜራውን ከማብራታችን በፊት «ይታዩ ወይስ አይታዩ?» ብለን እንጠይቅ፤ «እሺ» ብቻ ለሚሉ ሰው ደግሞ መልሱን ከዓይናቸው እናንብብ።

ባለሙያው ሌላም ነገር ነግረውኛል። አፌዥያ ያለበት ሰው የገዛ ሐሳቡን መናገር እያቃተው፣ በቃሉ የያዘውን ዜማ፣ ጸሎት ወይም ቁጥር አንዳንዴ ሊያወርደው ይችላል። ይህንኑ ለእኅቴ ጻፍኩላት። በማግሥቱ የመጣው መልእክት እንደ ሌላው ቀን ወሬ አልነበረበትም፤ አባባ በልጅነታችን ባስጠኑን ዜማ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብላ ዝም ትላለች። አባቴ ሰሙት። ደግመው ሰሙት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ማይክሮፎኗ ምልክት አስጠግተው ተመለከቱኝ፤ እኔም ስልኩን ደገፍኩላቸው። «ለ… ሉ… ሊ…» ላይ ቆመው ላኩት።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከቤሩት መልስ መጣ፤ ርዝመቱ አራት ሴኮንድ ነው። «ሐ ሑ ሒ…»