ማሽኑን ከመክፈትህ በፊት

ቼዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ የሰማው ምክር አለ፦ «የራስህን ጨዋታ ተንትን»። አሰልጣኝ ይለዋል፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ ይለዋል፣ ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይለዋል። ከምክሩ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ «ተንትኛለሁ» ብሎ ከሚመልሰው ሰው ጋር ነው። ምክንያቱም ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ አዲስ አበባም ብትሄድ፣ አብዛኛው አማተር ተጫዋች ትንተና የሚለው ይህንን ነው፦ የውድድሩ ጨዋታ ያልቃል፣ ስልክ ይወጣል፣ የታወሰው ያህል እርምጃ አፑ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ኢንጂኑ ያረመውን በጣት እየገፉ ማየት ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር፦ ትክክለኛነትህ ከመቶ ይህን ያህል። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ስልኩ ተመልሶ ኪስ ይገባል።

ይሄ ትንተና አይደለም። ውጤት ማየት ነው።

ውጤት ማየትን ደግሞ በዚህ አገር ማንም አይበልጠንም። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደ ያውቀዋል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ይፈተናል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ድረ ገጽ ላይ ወይም ቴሌግራም ቦት ላይ የፈተና ቁጥሩን ያስገባና ሌላ ቁጥር ይመጣለታል። የመልስ ወረቀቱን አያየውም። የትኛው ጥያቄ ላይ እንደወደቀ፣ ምን ብሎ አስቦ ያንን ፊደል እንዳጠቆረ የሚነግረው የለም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። አገር ጉድ አለ። ቴሌቪዥኑ፣ ፌስቡኩ፣ ቡና ቤቱ ሁሉ ስለ ቁጥሩ አወራ። ወረቀቱን መልሶ ለተማሪው ስለማሳየት ግን ያወራ ሰው እኔ አልሰማሁም።

የቼዝ ውድድር ወረቀት ከዚህ ሁሉ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። የራስህ የመልስ ወረቀት ነው። በራስህ እጅ የተጻፈ ነው፣ ይዘኸው ቤት ትገባለህ። አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ወረቀት በእጁ ይዞ፣ እሱን ጥሎ በመቶኛ ሲለውጠው ሳይ ያናድደኛል። እውነቴን ነው፣ ያናድደኛል።

አሁን «ወረቀት? የቱ ወረቀት?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ረጅም ሰዓት በሚሰጥበት ጨዋታ እርምጃን መመዝገብ ግዴታ ነው፤ በፈጣን ጨዋታ ግን ግዴታ አይደለም። በኛ አካባቢ ያየኋቸው ውድድሮች ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቁ ናቸው። ጠዋት ተጀምሮ ማታ ዋንጫ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ከሾኔና ከአንጋጫ የመጣው ልጅ ሳይመሽ ሚኒባስ ማግኘት አለበት። ይገባኛል። ግን ውጤቱ ምንድነው? የደረጃ ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ የተደረገው ጨዋታ ሁሉ ግን እንደ ጉም ይተናል። ማን አንደኛ እንደወጣ እናውቃለን። ምን እንደተጫወተ አናውቅም። እሱም አያውቅም።

አንድ ጨዋታ ላሳይህ፤ ቦርድ ካለህ ደርድረው። ዱራሜ ላይ በአንድ ውድድር ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጋር ደረሰኝ። (ጋሼ እያለ ነው የሚጠራኝ፤ ገና 30 ሳይሞላኝ። ይሁን።) ተበላልተን ተበላልተን ለኔ ንጉሥና አንድ ወታደር፣ ለሱ ንጉሥ ብቻ ቀረ። የኔ ንጉሥ ዲ5 ላይ፣ ወታደሬ ኢ5 ላይ፣ የሱ ንጉሥ ኢ7 ላይ። ወታደሩን ወደ ኢ6 ገፋሁት። አሁን የሱ ንጉሥ መሄድ የሚችለው አራት ቦታ ብቻ ነው፦ ዲ8፣ ኢ8፣ ኤፍ8 ወይም ኤፍ6። ከአራቱ አቻ የሚያወጣው ኢ8 ብቻ ነው፤ በሦስቱ ይሸነፋል። ልጁ ዲ8 ሄደ። ንጉሤን ዲ6 አስገባሁ፣ ኢ8 ተመለሰ፣ ወታደሩን ኢ7 ገፋሁ፣ ኤፍ7 ወጣ (ሌላ መሄጃ የለውም)፣ ዲ7 ያዝኩ። ወታደሩ ንግሥት ሆነ፣ አለቀ።

ኢንጂኑ ስለዚህ ምን ይላል? እስከ ኢ6 ድረስ 0.00፣ ማለትም እኩል። ዲ8 ላይ ቀይ ከነሁለት የጥያቄ ምልክቱ። «የተሻለው ኢ8 ነበር።» በቃ፣ ይሄው ነው። ልጁም ስልኩን አውጥቶ ሊያይ ሲል «ቆይ፣ እሱን አስቀምጠውና መጀመሪያ ንገረኝ፤ ለምን ዲ8 ሄድክ?» አልኩት።

«ኦፖዚሽን ለመያዝ ነዋ ጋሼ» አለኝ።

ይህቺን መልስ ማሽኑ በመቶ ዓመት አያገኛትም። ልጁ በዘፈቀደ አልሄደም። ሁለት ንጉሦች ፊት ለፊት ሲቆሙ ጥቅም እንዳለው ከቪዲዮ ተምሯል። የኔ ንጉሥ ዲ5 ላይ ስላለ እሱም በዚያው መስመር ዲ8 ላይ ሄዶ ፊት ለፊት ቆመ። ያልተማረው ግማሹን ነው፦ በመካከላቸው አንድ ባዶ ቦታ መኖር አለበት፣ ተራውም የሌላኛው መሆን አለበት። ከዲ5 እስከ ዲ8 መሃል ላይ ያሉት ባዶ ቦታዎች ሁለት ናቸው፣ ተራው ደግሞ የኔ ነበር። አንድ ስራመድ ፊት ለፊት የያዝኩት እኔ ሆንኩ። ኢ8 ላይ ቢቆም ኖሮ እኔ ዲ6 ስገባ እሱ ዲ8፣ እኔ ኤፍ6 ብመጣ እሱ ኤፍ8 ይለኛል፤ ወታደሬን ብገፋና ብጠብቀው ደግሞ ንጉሡ ቼክ ሳይባል መሄጃ ያጣል፣ አቻ ነው።

እንግዲህ አወዳድር። «ኢ8 ነበር» ያለው ማሽን አንድ ቦታ አስተማረው። ያው አቀማመጥ ነገ በሌላ መስመር ላይ ቢመጣ ልጁ መልሶ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ግማሹ ሕግ ጭንቅላቱ ውስጥ እንዳለ ነው። «ኦፖዚሽን ለመያዝ» የምትለው የራሱ ቃል ግን የተሰበረውን ቦታ አሳየችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በር ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ለሌላ ልጅ ሲያስረዳ አየሁት።

ስለ ኢ6ም አንድ ነገር ልበል። አቻ መሆኑን አውቄ ነው የገፋሁት። ከአራት በር የሚከፈተው አንዱ ብቻ እንደሆነ ቆጥሬ፣ ልጁ የትኛውን እንደሚነካ ለማየት። ማሽኑ ይህንን 0.00 ይለዋል። ለሱ እውነት ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ትክክለኛውን በር ያገኛል። እኔና ልጁ ግን ሰዓት እየሮጠብን፣ ምሳ ሳንበላ፣ ጀርባችን ላይ አሥር ሰው ቆሞ ነበር የምንጫወተው። አማተር ቼዝ የሚባለው ያ ነው።

የማሽን ጠላት እንዳልመስልህ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ስቶክፊሽን ወድጄ ነው የምጠቀምበት፤ ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ አውርጄ ራሴ ኮምፓይል አድርጌዋለሁ። ውስጡን ስላየሁት ነው እንዲህ የምለው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቀማመጥን የሚመዝንበት ኒውራል ኔትወርክ ገብቶለታል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ተባዝተውና ተደምረው አንድ ቁጥር ይወጣል። «ለምን?» ብትለው የሚመልስልህ ነገር የለውም፤ ደብቆህ አይደለም፣ የለውም። አፖቹ ከሥሩ የሚለጥፉት «እዚህ ጋ ጥቅምህን አጣህ» የሚል ዓረፍተ ነገር ደግሞ ቁጥሩን በቃል መልሶ መናገር ነው። እኛ ፕሮግራመሮች ፕሮግራም ሲወድቅ የወደቀበትን መስመር ቁጥር እናገኛለን። ከዚያ ነው ሥራው የሚጀምረው። መስመር ቁጥሩን አይቶ «ገባኝ» ብሎ ላፕቶፑን የሚዘጋ ባልደረባ ቢኖረኝ አብሬው አልሠራም። ቼዝ ላይ ሲሆን ግን ያው ሰውዬ ራሱን ተንታኝ ይላል።

ካስፓሮቭን አስታውስ። በ1997 እ.ኤ.አ. ከዲፕ ብሉ ጋር ሲጫወት በሁለተኛው ጨዋታ የማሽኑ አካሄድ ግራ አጋባው። የጠየቀው ምን ነበር? የማሽኑን የሐሳብ መዝገብ፣ ሎጉን አሳዩኝ አለ። አይቢኤም ያኔ አልሰጠውም፤ ቆይቶ ነው ኢንተርኔት ላይ ያወጣው። የዓለም ሻምፒዮኑ እርምጃውን ራሱን በዓይኑ አይቶታል። የፈለገው ከጀርባው ያለውን ነው። እኛ የራሳችንን ሎግ ማንም ሳይከለክለን እንጥለዋለን፣ ከዚያ የማሽኑን ቁጥር እንሰበስባለን።

ቦትቪኒክ ደግሞ አለ፤ ለኔ ቢጤው የሚጥም ሰው ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፣ በ1948 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በኋላ ዕድሜውም ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ለመሥራት ደክሟል። እሱ የመከረው ጨዋታህን ራስህ እንድትተነትንና ትንተናህን እንድታሳትም ነው፤ ሌሎች እንዲተቹት። መሐንዲስ ነዋ። ኮድህን ሌላ ሰው ሳያየው አታስገባ እንደማለት ነው።

«እሱ ለታላላቆቹ ነው፤ የኛ የአማተሮች ጨዋታ ምን ቁም ነገር አለው? የካርልሰንን ጨዋታ ማጥናት አይሻልም?» የሚል ክርክርም ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል፤ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ከሚጫወቱ ሰዎች፣ ትንሽ ከንፈር እየተመጠጠ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የካርልሰን ጨዋታ ውስጥ ያ የዱራሜው ልጅ የለም። ግማሹን የተማረው ሕግ፣ የሚፈራው ፈረስ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩልበት ሰዓት ያለው የራሱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ለሱ ሲባል መጽሐፍ የሚጽፍለት ማንም የለም። እሱ ካልጻፈው አይጻፍም።

በነገራችን ላይ የጥንቱን ሰንጠረዥ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ስለ ውጤት ከኛ የተሻለ ግንዛቤ ነበራቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ሄንሪ ሶልትና ዋልተር ፕላውደን ጽፈውታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ሰብስቦ አሳትሞታል። ጨዋታው «ወረራ» በሚባል ክፍል ይጀምራል። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በአንዴ ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ። ደስ የሚለኝ ግን ሌላው ነው፦ ማሸነፍ ሁሉ እኩል አይቆጠርም ነበር። በፈረስ ወይም በግንብ ንጉሡን መያዝ ብዙም አያስመሰግንም፤ በመደቅ፣ ማለትም በተራ ወታደር፣ ከያዝከው ግን ይጨበጨብልሃል። «አሸነፈ» ብቻ ብለው አያልፉም፤ እንዴት እንዳሸነፈ ይነጋገሩበታል፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ እየገባበት። ጉዳቱ አልተጻፈም፤ ወረራውንማ ተራ ስለሌለው እርምጃ በእርምጃ እንጻፈው ቢባልም ያስቸግራል። ያ ሁሉ ክርክር ከተከራካሪዎቹ ጋር ተቀበረ። እኛ ተራ አለን፣ ሰሌዳው ፊደልና ቁጥር አለው፣ እስክሪብቶ አለ። ሰበባችን ምንድነው?

ስለዚህ ውድድር ለምታዘጋጁ ሰዎች የምለው አጭር ነው። ዋንጫውን ትንሽ አሳንሱትና በተረፈው ወረቀት አባዙ። ከአምስት ዙር አንዱን እንኳን ረጅም አድርጉት፣ እርምጃ የሚመዘገብበት። ከሱ በኋላ ሁለቱ ተጫዋቾች ስልክ ሳያወጡ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ቦታ ስጡ። አዳራሹ ጫጫታ ይሆናል፤ ይሁን።

ለተጫዋቹ ደግሞ፦ ከእርምጃው ጎን ሰዓቱ ላይ የቀረህን ደቂቃ ጻፍ። አማተር ጨዋታ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር አላየሁም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መክፈቻ ላይ ስድስት ደቂቃ ተቃጥሎ ጨዋታውን የወሰነው እርምጃ በአሥር ሰከንድ ይሄዳል። ቤት ስትገባ ከማሽኑ በፊት በአማርኛም ሆነ በሀዲይሳ፣ በከምባትሳም ቢሆን፣ በምታስብበት ቋንቋ ያሰብከውን ጻፍ። «ፈረሱን ፈራሁት» በቂ ነው። ተጋጣሚህንም ጠይቀው። ኢንጂኑን ከዚያ በኋላ ክፈተው፤ ያኔ የምትጠይቀው ጥያቄ ይኖርሃል፣ እሱም ይጠቅምሃል። ዳታም ይቆጥባል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ጋ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። ከአንድ የሆሳዕና ጓደኛዬ ጋር የተጫወትናቸው ጨዋታዎች በግራ ገጽ የኔ ሐሳብ፣ በቀኝ ገጽ የሱ ሐሳብ ሆነው ተጽፈውበታል። እንደ ብዙው የአካባቢያችን ልጅ እሱም ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፣ ማታ ግን አንዳንዴ ድምፅ ይልክልኛል። ባለፈው ሳምንት የላከው ስለ 19ኛው እርምጃ ነበር፤ በቀኝ ገጽ የጻፈው ዕቅድ ትክክል እንደነበር አራት ደቂቃ ሙሉ ሲከራከር። የገጹን ፎቶ ላክሁለት፣ ከሥሩ መልሴን ጽፌ። እስካሁን አልተስማማንም፤ ኢንጂኑንም ማናችንም አልከፈትነውም።