ባቡሩ ደረሰ፤ መንገደኛውስ?

«ለገሃር» የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣና ትርጉሙም የባቡር ጣቢያ ማለት መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። የፊተኛው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በለገሃር የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን አንሥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ ሆቴሉንና ቴአትር ቤቱን ያገኝ ነበር፤ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ከተከተለም ፒያሳ ይደርሳል። ጣቢያው የከተማው በር ነበር ማለት ነው።

የዛሬው እንዲህ አይደለም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. የዘወትር አገልግሎት የጀመረው የጅቡቲ ባቡር፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል በኤሌክትሪክ ተጉዞ፣ መንገደኛውን የሚያወርደው ከከተማው ዳር ባለው በፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። በድሬዳዋም የቀድሞው ጣቢያ በከዚራ፣ አዲሱ ግን ከከተማው ውጭ ነው። ፈጣን ባቡር ሰፊ ግቢና ቀና መንገድ ይፈልጋልና፣ ጣቢያው ለምን ከዳር ተሠራ ብለን አንከስም። የምንጠይቀው፣ ከዳር ከተሠራ ወዲያ መንገደኛውን ወደ መሐል የሚያደርሰው ማን ነው? ብለን ነው።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር አንዱን መስመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛውን ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ ዘርግቶ ስታዲየምን፣ ሜክሲኮንና የመርካቶን አካባቢ ከሕዝቡ ጋር አገናኘ። ሁለቱ የባቡር ሥራዎች በአንድ ዘመን ተሠሩ፤ ነገር ግን አልተገናኙም። የቀላሉ ባቡር ሐዲድ ፉሪ ለቡ አይደርስም።

እስቲ ዕቃዋን ይዛ ከድሬዳዋ ወደ መርካቶ የምትመጣ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ሐዲዱ ያን ሁሉ በረሃ አሻግሮ ያመጣታል። የቀረችውን አጭር መንገድ ግን ከባለ ታክሲ ጋር በዋጋ ተከራክራ፣ ወይም ሸክሟን ከአንዱ ሚኒባስ ወደ ሌላው እያዛወረች ትጨርሳለች። በሚመጣው ወር ባቡሩን ብትተው ማን ይፈርድባታል? ቅዳሜን በከተማው ሊዝናና፣ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሊያይ የሚመጣው ተማሪም ዕጣው ይኸው ነው።

«መንገደኛው ጥቂት ነው፤ ለጥቂት ሰው አውቶቡስ መመደብ ኪሳራ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። በእኛ አስተያየት ግን ሰው የሚያንሰው ከጣቢያው ወዲህ ያለው መንገድ ስለሚያስቸግርም ጭምር ነው። ደግሞም ባቡር የሚደርስበት ሰዓት አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፣ አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል አያሻውም። ባቡሩ ሲገባ ተገኝቶ፣ በሜክሲኮ ከቀላሉ ባቡር ጋር ተገናኝቶ፣ በመርካቶ በኩል ፒያሳ ቢደርስ፣ ቲኬቱም ከባቡሩ ቲኬት ጋር አብሮ ቢሸጥ ይበቃል። ይህ አዲስ ሐዲድ አይጠይቅም፤ መስማማትን ብቻ ይጠይቃል።

አስቸጋሪውም ይኸው መስማማት ነው። ሐዲዱን የሚመራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ አውቶቡሱን የሚመራው ሌላ ነው፤ መንገደኛው ግን አንድ ሰው ነው። በሁለቱ ደንብ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል። በየቢሮው የተቀመጣችሁ ወጣት ሹማምንት፣ ነገም የምትቀመጡ ተማሪዎች፣ ያን ክፍት ቦታ የራሳችሁ ሥራ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።