«መንገደኛ ነን» የሚል ቤት አይሞቅም

ከጎንደር ወይም ከወሎ ተነሥቶ ኦምዱርማን የገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ «ክረምት» የሚለው ቃል ነው። በሀገሩ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃ፣ የሞላ ወንዝና የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። ኦምዱርማን ላይ የዝናቡ ወራት «ኸሪፍ» ይባላል። ብርዱ የሚመጣው በሌላ ጊዜ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ደረቁ የሰሜን ነፋስ አቧራ አዝሎ ሲነሣ። ሱዳኖች ይህን ወራት «ሺታ» ይሉታል። በአማርኛ ቆጠራ ከሆነ ጊዜው በጋ ነው፤ በጋም ሆኖ ያንቀጠቅጣል።

የኮፐንሃገን ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። በጥር ወር የኦምዱርማን ቀን ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሌሊቱም በአማካይ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ነገር ግን ብርድ በሙቀት መለኪያ ብቻ አይመዘንም። በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ የለመደ ገላ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተኛ ሕፃን፣ ደመና የሌለው ሰማይ የቀኑን ሙቀት መልሶ የሚወስድበት ሌሊት፤ እነዚህ ሲገናኙ ብርዱ እውነተኛ ብርድ ነው። ስለዚህ ቤትን ለብርድ ወራት ማሰናዳት ለኦምዱርማን ሐበሻ የቅንጦት ወሬ አይደለም። ቅንጦት የሆነው ጉዳዩ የሚወራበት መንገድ ነው።

ዴንማርኮች «ሂዩጌ» የሚሉት ነገር አላቸው። ከቅርብ ሰው ጋር፣ በለዘብተኛ ብርሃን፣ ሳይጣደፉና ሳይፎካከሩ ተቀምጦ መደሰትን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። በኮፐንሃገን የደስታ ጥናት ተቋም የሚመራው ማይክ ቪኪንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚሁ ጉዳይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ቃሉ ዓለምን ዞረ። ከቃሉ ጋር ሸቀጡም ዞረ፤ መዓዛ ያለው ሻማ፣ ጠጉራም ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የጠረጴዛ መብራት። የቤት ምቾት ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ መሰለ። በዕቁብ ገንዘብ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ግማሹን የሚይዝ ሶፋ ገዝቶ ልጆቹን መሬት የሚያስተኛ ቤተሰብም የዚሁ ወሬ ሰለባ ነው።

ዴንማርክ ግን ሻማ የምታበራው ያለ ምክንያት አይደለም። በታኅሣሥ ወር ኮፐንሃገን የቀን ብርሃን የምታገኘው ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ኦምዱርማን በዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት በላይ ፀሐይ አላት። የዴንማርኩ ሻማ ለጎደለ ብርሃን የተሰጠ መልስ ነው፤ ኦምዱርማን ላይ ግን ጥያቄው አልተነሣም። ደግሞም ሻማው ብቻውን ማንንም አላሞቀም። ከሦስት የዴንማርክ ቤቶች ሁለቱ ያህል የሚሞቁት ከማእከላዊ ጣቢያ በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። የሠራተኛውም መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት 37 ሰዓት በመሆኑ አባትም እናትም ለእራት ቤታቸው መድረስ ይችላሉ። እንግዲህ የሚታየው ሻማው ነው፤ የማይታየው ቧንቧውና ጊዜው ነው። ገበያው የሚሸጠው የሚታየውን ብቻ ነው።

ይህን ኩረጃ ሞኝነት ብቻ ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ ሰው ይገድላል። በሰሜን አውሮፓ ልማድ ምቾት ማለት በርና መስኮት ዘግቶ አንድ ነገር ማንደድ ነው። በአንድ ክፍል አምስት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ በሩን ዘግቶ የከሰል ምድጃ አጠገቡ ቢያኖር ግን መጨረሻው መታፈን ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ አይታይም፣ አይሸትምም። በራስ ምታት፣ በማዞርና በማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ የተኛውን ሰው ግን ሳይቀሰቅስ ይወስደዋል። በደጋው ኢትዮጵያም በብርድ ሌሊት ቤተሰብ እንዳለ ተኝቶ የቀረበት ወሬ እንግዳ አይደለም። የከሰሉ ጭስ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ከሰል በግቢ ይቀጣጠል፤ ቡናው በተከፈተ በር አጠገብ ይፈላ፤ ሰው ከመተኛቱ በፊት ፍሙ ከክፍሉ ይውጣ። ይህን ሕግ ያላከበረ ቤት ምንም ያህል ያማረ ምንጣፍ ቢነጠፍበት ምቹ ቤት አይባልም።

ይሁንና በኦምዱርማን የሐበሻን ቤት ያቀዘቀዘው ዋናው ነገር የሻማ ማነስም የምንጣፍ ማነስም አይደለም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ «እኛ መንገደኞች ነን» የምትል። ግድግዳው ባዶ ነው፤ «ዛሬ ነገ እንሄዳለን» ተብሏልና። ሻንጣው ከአልጋ ሥር እንደታሰረ ነው። በተሰበረው መስኮት ላይ የተለጠፈው ካርቶን ሦስት የብርድ ወራት አልፎበታል። አንዱ የስደት ጉዳዩን መልስ ይጠብቃል፤ ሌላው ወደ ሊቢያ የሚወስደውን መንገድ ያሰላል፤ ሦስተኛው «ከፋሲካ በኋላ ሀገሬ እገባለሁ» ሲል አሥር ፋሲካ አልፎታል። ሁሉም የሚኖሩት ገና ባልደረሱበት ቤት ውስጥ ነው፤ የሚያድሩት ግን በዚህ ነው።

የመንገደኛው ምክንያት ባዶ አይደለምና በሐቅ ሊመዘን ይገባል። ኪራዩ ባልታሰበ ቀን ይጨምራል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜ ያልፍበታል። ከሁሉም በላይ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት አለ። የዴይምና የጅሬፍ ሐበሻ፣ የኦምዱርማኑም፣ ዕቃውን ጥሎ ነፍሱን ይዞ ወጣ፤ ብዙዎችም የመተማን መንገድ ያዙ። የኦምዱርማን ገበያ ተዘረፈ፣ ተቃጠለም። አሮጌው ኦምዱርማን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ፣ መላው የካርቱም ግዛት ደግሞ በ2025 አጋማሽ ገደማ ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወጥቶ በሠራዊቱ ቁጥጥር ሥር ገባ፤ የጠፋው ንብረት ግን አልተመለሰም። ይህን ያየ ሰው «ያደራጀነውን ሁሉ በአንድ ቀን ጥለን ወጣን፤ ታዲያ ዳግመኛ ቤት ማሳመር ለማን ነው?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱ ግን በራሱ በስደቱ ውስጥ አለ። በዚያ ቀን ተጥሎ የቀረው ምንድን ነው? ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ ቁም ሣጥኑ ነው፤ ከሱቅ የመጣው ሁሉ። ያልቀረውስ? በአንድ ሰዓት የመሰብሰብ ልማድ፣ ልጅን አቅፎ ተረት መንገር፣ ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራት። በመንገድ ዳር ፕላስቲክ አንጥፋ ጀበና የምትጥድ እናት ቤቷን ይዛው ወጥታለች። ቤቱን በዕቃ ብቻ የሠራ ሁሉን አጣ፤ በልማድ የሠራ ግን በደረሰበት ይተክለዋል። ጦርነቱ ያስተማረው «ቤት አትሥሩ» የሚል ትምህርት አይደለም፤ «ቤታችሁን ሊዘረፍ ከማይችል ነገር ሥሩ» የሚል ነው።

«ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ራሱም ሊመረመር ይገባል። በገዳሪፍ ግዛት ያለው ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከረሃብና ከጦርነት የሸሸውን ኢትዮጵያዊ ያስጠለለ ጊዜያዊ ሰፈር ነበር። በ2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ዳግመኛ ተከፍቶ ሌላ ትውልድ ተቀበለ። ጊዜያዊነት በዚህ ምድር ላይ ልጅ ይወልዳል፣ ያሳድጋል፣ ይድራል። በሦስት ዓመቱ ኦምዱርማን ገብቶ ዛሬ ዐሥራ አምስት የሞላው ልጅ ከዚህ ሌላ የሚያስታውሰው ቤት የለውም። ለአባቱ መንገድ የሆነው ጊዜ ለእርሱ ልጅነቱ ነው። ልጅነትን ደግሞ «ስንደርስ እንኖርበታለን» ብሎ በሻንጣ ማቆየት አይቻልም።

«በሰው ሀገር ቤት ማሳመር ሀገርን መርሳት ነው» የሚሉም አይታጡም። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ልጅ ሀገሩን የሚያውቀው ከታሰረ ሻንጣ አይደለም፤ ከተነጠፈ ሰሌን፣ ከሚጨስ ዕጣን፣ በአቦልና በበረካ መካከል ከሚወራ ወሬ ነው። አማርኛው የሚጠፋው ቤቱ ሲሞቅ ሳይሆን ቤተሰቡ በየማእዘኑ ስልኩን ይዞ ዝም ሲል ነው።

ለመሆኑ የኦምዱርማን ቤት ለብርድ የሚሆን ምን አለው? ብዙ አለው። አሮጌው ቤት «ጃሉስ» የሚባል የጭቃ ሥራ ነው። ወፍራም ግድግዳው የቀኑን ፀሐይ ውጦ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል፤ የቆርቆሮ ክፍል ግን ገና ሲመሽ ይቀዘቅዛል። ኪራይ ሲፈለግ «የጭቃ ቤት ነው» ተብሎ የሚናቀው ክፍል፣ ጣራው እስከ ጸና ድረስ፣ በጥር ሌሊት ካማረው የቆርቆሮ ክፍል ይሻላል። አንገረቡ በገመድ የተጠለፈው ለሐሩሩ ወራት አየር እንዲያሳልፍ ነው፤ ስለዚህ በሺታ ብርዱ የሚመጣው ከታች ነውና ከፍራሹ ሥር ሰሌን ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ይግባ። ወደ ሰሜን የሚያየው መስኮት ሲመሽ ይዘጋ፤ አየር በሌላው በኩል ይግባ። ጋቢና ብርድ ልብስ ቀን በግቢው ገመድ ላይ ፀሐይ ይሙቅ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር አንዲት ትንሽ መብራት ዝቅ ብላ ብትቀመጥ ክፍሉን በሙሉ ታለዝበዋለች።

ልብሱንም ቢሆን ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም። አራት ድርቡ ጋቢ፣ ከእርሱም የሚከብደው ቡሉኮ፣ የመንዝ በግ ጠጉር ባና የደጋውን ውርጭ የመከቱት የሰሜን አውሮፓ ፋሽን ሳይሰማ ነው። ሱዳናዊው ጎረቤትም ዝንጅብል የገባበትን ቡናውን «ጀበና» ብሎ ይጠራዋል። ሁለቱ ሕዝቦች ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡበት ቃል ይህ ነው። በጋራ ግድግዳ የሚኖር ጎረቤት በብርድ ማታ በአንድ ሲኒ ከተጠራ ቤቱ በአንድ ሰው ሙቀት ይጨምራል፤ ክፉ ቀን ሲመጣም በሩን የሚያንኳኳ ወዳጅ ይኖራል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህን ሁሉ የሚያሰናዳው ማን ነው? ቀኑን በሰው ቤት ስታጥብና ስታበስል የዋለች፣ ወይም በመንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚው ሻይና ቡና ስትቀዳ የዋለች ሴት፣ ሲመሽ ደግሞ «ቤቱን አሙቂው» ከተባለች ነገሩ ምቾት ሳይሆን ሁለተኛ የሥራ ፈረቃ ነው። ለሌላው ቤት ሰላምን ስታመርት ውላ ለራሷ የማይተርፋት ከሆነ የጀበናው ሽታ ምን ይጠቅማታል? በሌላ በኩል ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ አምሽቶ በሩን ሲያልፍ ፊቱ የሚጠቁር አባወራ አለ። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሰው ቀድሞ ስም አውጥቶለታል፤ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ»። እርሱ ከቤቱ እያለ ብርዱን በሻማም በሱፍም መከላከል አይቻልም። ከዴንማርክ የሚቀዳ ነገር ካለ ይህ ይቀዳ፤ አባት ለእራት ይድረስ፣ ወንዱ ልጅ ሲኒ ይጠብ፣ ከሰሉን ያቀጣጥል፣ እናት በሳምንት ጥቂት ማታ እንኳ ቡና የሚቀዳላት ትሁን።

የኦምዱርማን ብርድ ሐበሻ ከሚወዳቸው በዓላት ጋር ይመጣል። ልደት ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ሁለቱም በዚሁ ወራት ናቸው። ብዙው ቤት ለእነዚህ ቀናት ይጠረጋል፣ ይነጠፋል፣ ይሞቃል፤ በማግሥቱ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ሕይወት ወደ ሻንጣው ትመለሳለች። በዓመት ሁለት ቀን የሚቻለው በሳምንት አንድ ማታ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ሦስቱ ሲኒዎች የሚጠይቁት አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዕቁብም ከብድርም አያስገቡም።

መንገዱ ነገ ሊከፈት ይችላል፤ ይከፈትም። ያን ቀን ሻንጣው ይነሣል። እስከዚያ ግን የተሰበረው መስኮት መስታወት ይግባለት፤ ልጁም «ቤታችሁ የት ነው?» ሲባል ወደ ሩቅ ሳይጠቁም «ይኸውና» ማለት ይቻለው።