ግንጣይ ይሻላል ወይስ ጎልማሳ ኮራል?

ኮራል ድንጋይም ዕፅም ሳይሆን እንስሳ መሆኑን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስናስተምር በየዓመቱ የሚያምነን ተማሪ ለማግኘት እንቸገራለን። አይፈረድባቸውም። ከገዳሪፍ ተነሥቶ በከሰላ በኩል ፖርት ሱዳን የወረደ ሰው ሁሉ ለመታሰቢያ ይዞት የሚመለሰው መርጃን ደረቅ፣ ነጭና እጅ የሚሻክር ድንጋይ ነው። የሱዋኪን አሮጌ ቤቶች የተሠሩት በዚሁ ድንጋይ ነው፤ ምፅዋን የሚያውቁ ወላጆችም እዚያ አይተውታል። ነገር ግን ድንጋዩ ቤቱ እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ባለቤቱ ፖሊፕ የሚባል፣ በአፉ ዙሪያ ጥቃቅን ክንዶች ያሉት ለስላሳ እንስሳ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ዓይነቶች ከማሽላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፖች ተያይዘው በአንድ ላይ ይኖራሉ፤ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም እየወሰዱ ከሥራቸው ድንጋይ ይገነባሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ አለ። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፣ ኮራሉም አብዛኛውን ቀለቡን ከእሱ ያገኛል።

ይህን ሁሉ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ የዓሣና የአኳሪየም ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪያችን፣ ለሳይንስ ክበባችን ስጦታ ለመስጠት ፈልጎ ሁለት አማራጭ አቀረበልን። አንደኛው ከሩቅ የሚታይ አንድ ትልቅ፣ ጎልማሳ ኮራል ነው። ሁለተኛው በዚያው ዋጋ ከትልልቅ ኮራሎች ላይ ተቆርጠው በትንንሽ መቀመጫ ላይ የተለጠፉ፣ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት የማይበልጡ በርከት ያሉ ግንጣዮች ናቸው። ጉዳዩ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ቀርቦ ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል። አብዛኛው ሰው ወደ ትልቁ አዘነበለ። “እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳያለን? የጣት ቁራጭ?” ያሉ አባት ነበሩ። አንዲት እናት ደግሞ ልጆቹ ትንሹን ነገር ሲጠብቁ ተመርቀው ይወጣሉ ብለው ሥጋታቸውን ገለጹ። ሁለቱም አነጋገሮች ዘበት አይደሉም። እኛ ግን ሐሳባችን ከግንጣዩ ጋር ነበር፤ አሁንም ነው፤ ምክንያታችንንም በስብሰባው ሰዓት ማነስ የተነሣ በሚገባ ስላላስረዳን እዚህ እንጽፈዋለን።

መጀመሪያ የዕድሜ ነገር ይታሰብ። ቅርንጫፍ እያወጡ የሚያድጉት ኮራሎች ፈጣኖች ናቸው፤ በተመቻቸው ባሕር በዓመት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ አሉ። እንደ ድንጋይ ቋጥኝ ክብ ሆነው የሚያድጉት ግን በዓመት የሚጨምሩት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኢቭ ኩስቶ በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ባለው በሻዕብ ሩሚ የኮራል ሪፍ ላይ፣ አሥር ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የብረት ቤት ተክሎ ሰዎቹን ለአንድ ወር ከውኃ በታች አኑሯቸው ነበር። ያ ቤት በተተከለበት ዓመት ማደግ የጀመረ ክብ ኮራል በ2010 ዓ.ም. ከመሐሉ እስከ ዳሩ ሃምሳ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ኮራል ከባሕር ነቅሎ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ማለት የብዙዎቻችንን ወላጆች ዕድሜ የሚያህል ሥራ በአንድ ቀን መግዛት ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለነቃዩና ለሻጩ ነው፤ ለሃምሳ አምስቱ ዓመት የሚከፈል ነገር የለም።

ሁለተኛው ነገር በገንዳው ውስጥ የሚሆነው ነው። ጎልማሳ ኮራል ቅርጹን የያዘው በኖረበት ቦታ ነው። ፀሐዩ ከየት እንደሚመጣ፣ ማዕበሉ በየትኛው ጎን እንደሚመታው፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ሁሉ በአካሉ ላይ ተጽፏል። ወደ መስተዋት ሣጥን ሲገባ ብርሃኑ ከላይ ካለ መብራት፣ ሞገዱ ከአንድ ጥግ ካለ ፓምፕ ይሆንበታል። ጥላ ያረፈበት ጎኑ ብዙ ጊዜ ከሥር እየነጣ ይሄዳል። ሲያድግ የሚወስደው ካልሲየምም ብዙ ነው፤ ልምድ የሌለው ሰው የገንዳው ውኃ በሳምንት ውስጥ እንዴት እንደሳሳበት ሳያውቅ ይቀራል። ከሞተም ብቻውን አይሞትም። ያ ሁሉ ሥጋ ሲበሰብስ ውኃውን በአሞኒያ ይሞላዋል፣ ዓሣውንም ይዞ ይሄዳል። የአውራ ጣት የሚያህል ግንጣይ ቢሞት ግን በመቆንጠጫ አንሥቶ መጣል ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ ያለ ገበሬ ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። የሐሻብ ዛፍ ሙጫ ለመስጠት የተወሰኑ ዓመታት እንደሚፈጅበት እያወቀ ያደገ ሐሻብ ነቅሎ እርሻው ላይ የሚተክል ሰው አላየንም፤ ዘሩን ወይም ችግኙን ተክሎ ሥሩ መሬቱን እስኪለምድ ይጠብቃል። ግንጣይም ለዐዲሱ ብርሃንና ለዐዲሱ ሞገድ ቅርጹን እያበጀ የሚያድግ ስለሆነ፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚታየው ኮራል የዚያ ገንዳ ልጅ ነው። (“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ተረት ልጆቻችን በግድግዳ ጋዜጣ ላይ በየሴሚስተሩ ስለሚጽፉት እዚህ አንደግመውም።)

ሌላም አለ። ከባሕር የመጣ ትልቅ ኮራል ባዶውን አይመጣም። በጉድጓዶቹ ውስጥ ሸርጣን፣ ኮራል የሚበላ ቀንድ አውጣ፣ ጠፍጣፋ ትል፣ አንዳንዴም እንቁላላቸው ይኖራል። ግንጣይን ግን በእጅ ይዞ በማጉያ መስተዋት ዙሪያውን ማየት፣ መድኃኒት በተጨመረበት የባሕር ውኃ ለጥቂት ደቂቃ መንከር፣ የተለጠፈበትን መቀመጫ ቆርጦ መጣልም ይቻላል። ይህን ሁሉ በትልቁ ላይ መሞከር በሬን በሻይ ብርጭቆ ውኃ ማጠብ ነው።

በስብሰባው ላይ ከተነሡት ተቃውሞዎች ውስጥ እውነትነት ያላቸው አሉ። ትንሽ ነገር ደካማ ነው። አንድ ቀንድ አውጣ ሲያልፍ ገፍቶ ይጥለዋል፤ አረንጓዴ አልጌ በአንድ ሳምንት ይወርሰዋል፤ ትልቁ ኮራል ግማሽ አካሉ ቢሞት በቀረው ሊያገግም ሲችል ትንሹ ግን ተጠባባቂ የለውም። ጀማሪዎችም የሚፈተኑበት አንድ ነገር አለ፤ ግንጣዮቹ ትንንሽ ስለሆኑ አቀራርበው ይደረድሯቸዋል። ኮራል ሰላማዊ መስሎ ቢታይም ጎረቤቱ ሲጠጋው በሌሊት ረጃጅም ክንዶቹን ዘርግቶ የሚናደፍ ነው። ዛሬ ሰፊ የመሰለ ቦታ በሁለት ዓመት ውስጥ የጦር ሜዳ ይሆናል። ስለዚህ ግንጣይ የሚመርጥ ሰው ባዶ ቦታ ማየትን መታገሥ አለበት፤ ይህ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ይከብዳል። በተጨማሪም ጎልማሳ ኮራል ሁሉ የባሕር ዝርፊያ አይደለም። አንድ ሰው በራሱ ገንዳ ከግንጣይ አንሥቶ ለዓመታት ያሳደገውን ኮራል በዚያው ከተማ ላለ፣ ልምድ ላለው ሰው ቢሸጥ እኛ የምንቃወመው ነገር የለንም።

የግንጣይ ትልቁ ብልጫ ግን እናቲቱ መትረፏ ነው። ማዕበል የሰበረው ቅርንጫፍ ወድቆ በወደቀበት መያዝና ማደግ የኮራል የጥንት ተፈጥሮው ነው፤ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ በመጋዝ መድገም ነው። ከአንድ እናት በየዓመቱ ግንጣይ መውሰድ ይቻላል፤ ሁሉም በዘር ከእናታቸው ጋር አንድ ናቸው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ በሞት የባሕር ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ቮን፣ አንድ ኮራል ሳያስበው ተሰብሮበት የቀሩት ጥቃቅን ስባሪዎች ከተጠበቀው እጅግ ፈጥነው ሲያድጉ ካየ በኋላ፣ ኮራልን ጣት ጥፍር በሚያህል መጠን እየቆራረጡ ማሳደግ የተጎዳ ሪፍን ለመጠገን የሚያገለግል ዘዴ ሆኗል። የአንድ እናት ቁርጥራጮች ጎን ለጎን ሲለጠፉ ተገናኝተው መልሰው አንድ አካል ይሆናሉ። ይህን ለተማሪዎች ስንነግር ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ይህ ደግሞ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ለእኛ ጉዳዩ ቅርብም ነው። ከፖርት ሱዳን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ገብቶ የሚገኘው የሰንጋኔብ ሪፍ ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ልጆቻችን የሚኖሩበት አገር ሀብት ነው። ሕጉም ቢሆን የሚያጫውት አይደለም፤ ድንጋያማ ኮራሎች ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት የንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ ድንበር ለማሻገር የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ሱዳንም፣ ሳዑዲ ዐረቢያም፣ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባላት ናቸው። በሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ የሚመጣ ስጦታ ለልጆች የምናስተምረውን ያፈርሳል።

እስካሁን የጻፍነውን ያነበበ ሰው ግንጣዮቹ ገዳሪፍ ገብተው ይሆናል ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። አልገቡም። ኮራል በቤት ገንዳ ውስጥ የሚስማማው ሙቀት 25 እና 26 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት የገዳሪፍ ቀትር ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ለማንም አንነግርም። ማቀዝቀዣ ቢገዛ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይፈልጋል፣ ጀነሬተሩ ደግሞ ነዳጅ። የውኃው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ከገንዳ ላይ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው የነበረው ውኃ በዚህ ደረቅ አየር በቀናት ውስጥ ጨው እየበዛበት ስለሚሄድ፣ በየቀኑ የተጣራ ጨው አልባ ውኃ መጨመር ግድ ነው። በአህያ ካሮ ውኃ እየገዛን ለምንጠጣ ሰዎች ይህ ቅንጦት ብቻ ሳይሆን ነውርም ይሆናል። ስለዚህ የተማሪያችንን ቸርነት አመስግነን፣ ሦስት ግንጣዮች በጅዳው ሱቅ ውስጥ በእኛ ስም እንዲያስቀምጥልንና በየወሩ መጀመሪያ ማስመሪያ አጠገባቸው አድርጎ ፎቶ እንዲልክልን ጠየቅነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከፎቶው እየለኩ በካሬ ወረቀት ላይ ግራፍ ይሠራሉ። በሁለተኛው ወር አንደኛው ግንጣይ ነጣ። አልጌው ጥሎት ሲሄድ ኮራል እንደሚነጣ፣ መንጣትም ወዲያው መሞት እንዳልሆነ ልጆቹ የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ፎቶ ነው። ያ ግንጣይ አልዳነም። ሁለቱ ግራፎች ይቀጥላሉ። “ምን እናሳያለን?” ላሉት አባት ግራፎቹ ከቢሮው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ እንግዳ ይዘው ቢመጡ ደስ ይለናል።

ከማኅበረሰባችን ውስጥ በፖርት ሱዳን፣ በጅዳና በሌሎች ከተሞች እንዲህ ያለ ገንዳ ያላቸው ወይም በሚሠሩበት ቤት የሚንከባከቡ ወገኖች ስላሉ ጥቂት ነገር እንጨምር። ገንዳው ውኃ በተሞላ ማግስት ኮራል አይገባበትም፤ ቆሻሻን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ለድንጋያማ ኮራሎች ደግሞ ወራት ይፈጃል። ሻጩን መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋ ሳይሆን “ይህ ከየት መጣ?” የሚለው ነው። የግንጣዩ ሥር ከመቀመጫው ጋር ተያይዞ መስፋፋት ጀምሮ ከሆነ ከቁስሉ ድኗል ማለት ነው፤ ገና ትናንት የተቆረጠ ከሆነ ይቆይ። ለጀማሪ ለስላሳዎቹ ዓይነቶች ይቀላሉ። ከእነሱ መካከል ግን ዞአንቲድ የሚባሉት፣ እንደ ትንንሽ አበባ የሚያምሩት፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ያለ ጓንትና ያለ ዓይን መከላከያ አይቆረጡም፤ የተጣበቁበት ድንጋይ በፈላ ውኃ አይታጠብም፣ እንፋሎቱ ቤተሰብን በሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላልና። ገንዳ ውስጥ እጁን የከተተ ልጅም ምግብ ከመንካቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።