ጠቋሚው በዝቷል፤ ጠጋኙስ?

እ.ኤ.አ. በ2025 የደኅንነት ተመራማሪው ሾን ሂላን፣ ኦ3 በተባለው የኦፕንኤአይ ሞዴል ታግዞ በሊኑክስ ከርነል ፋይል በኔትወርክ በሚያጋራው ክፍል አዲስ ቀዳዳ አገኘ። አንዱ የለቀቀውን ሜሞሪ ሌላው አሁንም ይጠቀምበታል። በከርነል ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት መላ ማሽኑን ለአጥቂ ሊያስረክብ ይችላል።

ይሁን እንጂ ተመራማሪው ቀድሞ የሚያውቀውን ሌላ ስህተት እንዲፈልግ ሞዴሉን 100 ጊዜ ሲሞክረው፣ ያገኘው 8 ጊዜ ብቻ ነው። 28 ጊዜ ደግሞ የሌለ ስህተት አለ ብሏል።

እውነቱን ከሐሰቱ የሚለየውም፣ የጥገናው ኃላፊነት የሚወድቅበትም ሰው ነው። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ይጠቁማል፤ ሰው ግን ይደክመዋል። ስለዚህ በሊኑክስ የሚያተርፉ ኩባንያዎች ለጠቋሚው ማሽን የሚያወጡትን ያህል ለጠጋኙ ባለሙያም ይክፈሉ። ጥቆማውም ተጣርቶ፣ ከነጥገናው ይምጣ።