የረጋ ማርና የችኮላ ፍርድ

ማር ሲገዛ ክብሪት የማይጭር ሰልጣኝ በመካከላችን የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የክብሪቱን ራስ ማሩ ውስጥ ነክሮ መጫር ነው፤ ከነደደ ንጹሕ፣ እምቢ ካለ የተጭበረበረ! ባለፈው ኅዳር ገንዘብ አዋጥተን ከመካነ ሰላም ገበያ ከአንድ ሽማግሌ ማር ስንገዛም እንዲሁ ፈተንነው። ነደደ። ደስ ብሎን ተሸክመን ገባን።

ወር ሳይሞላ ማሩ ረጋ። ነጣ፤ ጥርስ ላይም እንደ ስኳር ይንኮሻኮሽ ጀመር። ታዲያ ምን አደረግን? በገበያ ቀን ተሰብስበን ሄደን፣ በሰው ፊት «አባባ፣ ስኳር ነው የሸጡልን» አልናቸው። «ኧረ ልጆቼ፣ ብርዱ ነው ያረጋው» ቢሉ ማን ይስማ! ከአጠገባቸው ሊገዙ የቆሙትም ጥለዋቸው ሄዱ።

ይህን የምንጽፈው ሽማግሌው ያሉት ልክ ስለ ነበረ ነው። ማር በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉ ስኳሮችና ውሃ ነው። ግሉኮሱ በብርድ ከውሃው እየተለየ ስለሚረጋ፣ እንደኛ ባለ ደጋ ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢያቆዩት ይመለሳል። ክብሪቱም ቢሆን የሚመሰክረው ስለ ውሃ ነው። ውሃ የበዛበት ንጹሕ ማር ያጠፋዋል፤ በወፍራሙ የተነጠረ የስኳር ውሃ ግን ላያጠፋው ይችላል። እኛ ዕጩ መምህራን ነን ባዮቹ ይህን ሳናውቅ ነው ሰው ያዋረድነው።

በማር ማጭበርበር የለም አላልንም፤ አለ፣ ስኳር የሚደባልቅም ሞልቷል። ግን በእርግጠኝነት የሚለየው በላቦራቶሪ ነው። በዓይናችን ልናየው የምንችለውን ደግሞ ዘለልነው። ማሩ የመጣው በአሮጌ ጀሪካን ነበር። ቀድሞ ምን ተይዞበት ነበር? ዘይት? ላምባ? ወይስ የአረም መድኃኒት? አንዳችንም አልጠየቅንም! በገጠር ባዶ ዕቃ እንደማይጣል እያወቅን፣ የመድኃኒት ዕቃ ደግሞ ታጠበ ተብሎ ለምግብ እንደማይሆን እየተማርን።

ሳይደፈን የተቆረጠ ማርም አለ። ንቦቹ የማሩን እንጀራ በሰም ሳይከድኑት ከተቆረጠ ውሃው ይበዛና ይቦካል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ውሃው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ የሚለው ለዚህ ነው። (ጠጅ ጣዮች ይህ ብዙም አያስጨንቃቸው ይሆናል።) ከዚህ ሁሉ የተለየው የሕፃናት ነገር ነው፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ንጹሑም ማር ቢሆን አይሰጥም። በውስጡ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ ይራባል። ነገ በምንመደብበት ቀበሌ እናቶች ሲጠይቁን ምን ልንል ነው?

አገራችን ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንድትልክ የተፈቀደላት በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ለዚያ ገበያ የመድኃኒት ቅሪት ክትትል ይጠየቃል። የኛ ገበያተኛ በእጁ ያለው ግን ክብሪት ብቻ ነው። ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን የገበያ ቀን እየወጣ ስለ ዕቃና ስለ አቆራረጥ ከሻጩም ከገዢውም ጋር ቢነጋገር ምን ይለዋል?

ሽማግሌውን ሁለት ገበያ ፈልገን አጣናቸው። የሚያውቃቸው ሰልጣኝ ካለ ይንገረን። ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን፤ የጀሪካኑንም ነገር፣ በዚህ ጊዜ ቀስ ብለን።